ቅጠል ሠላሳ አንድ፣ ጀርባ

(ወይራ አምባ ሚካኤል፣ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ፤ የደብሩን ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ፎቶ አንሥታ ለኮምፒውተር የምታዘጋጀው እሌኒ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣለች፤ የደብሩ ንብረት ጠባቂ ቄሰ ገበዝ ጥዑመልሳን አንድ መጽሐፍ ከነቆዳ ማኅደሩ አቅፈው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ይለምኗታል።)

እሌኒ፦ አባ፣ አይሆንም አልኩዎት። አርባ ሰባት ቁጥር ባለቤት አለው።

ቄሰ ገበዝ፦ ባለቤቱ ይኸው ነዋ። ተቀበይኝና ቁጥሩን ለጥፊበት።

እሌኒ፦ ይኼማ ባለፈው ወር በስጦታ የገባው የዜማ መጽሐፍ ነው። የራሱ ቁጥር ይጠብቀዋል፤ ሰማንያ ሦስት። አርባ ሰባት ድርሳን ነው፣ አምና በእጄ ገልጬዋለሁ።

ቄሰ ገበዝ፦ ቁመቱ እኩል፣ ገበታው እንጨት፣ ማኅደሩ ቆዳ። ቁጥር እንደሆነ ማንበብ አይችል፤ በምን ይለየዋል?

እሌኒ፦ እኔ እለየዋለሁ። ሕጉን እርስዎም ሰምተዋል፤ አንዴ የተሰጠ መለያ አይሻርም፣ ለሌላም አይሰጥም። መጽሐፉ ቢቃጠል እንኳ ቁጥሩ ባዶውን ይቀመጣል እንጂ ተተኪ አይሾምበትም።

ቄሰ ገበዝ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እሰማ ነበር። አሁን ኮምፒውተር ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ሰውም እኮ ሲሞት ስሙን ለልጅ ልጁ ያወጡለታል።

እሌኒ፦ ማነው የሞተው?

ቄሰ ገበዝ፦ ምሳሌ ነው ልጄ።

እሌኒ፦ አርባ ሰባት የት ነው ያለው?

ቄሰ ገበዝ፦ ድሮ፣ ይኼ ቁጥር የሚባለው ሳይመጣ፣ ሁሉንም በስሙ ነበር የምናውቀው። «አይጥ የቀመሰው»፣ «ባለ ሁለት ማኅደሩ»፣ «ሰም የፈሰሰበት»። አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም።

እሌኒ፦ አይጥ ሌላውን የቀመሰ ዕለትስ?

ቄሰ ገበዝ፦ እሱንማ «ዳግማዊ አይጥ የቀመሰው» እንለዋለን።

እሌኒ፦ አያስቁኝ አባ። አርባ ሰባት ያ «ሰም የፈሰሰበት» የሚሉት ነው። የት ነው?

ቄሰ ገበዝ፦ አለ።

እሌኒ፦ የት አለ?

ቄሰ ገበዝ፦ ቤት።

እሌኒ፦ ዕቃ ቤት?

ቄሰ ገበዝ፦ እኔ ቤት።

እሌኒ፦ ከግቢው አወጡት? ይኼን ቁልፍ ሠላሳ ዓመት የያዙት እርስዎ?

ቄሰ ገበዝ፦ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊው፤ አለቃችን እዚያ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ለኅዳር ሚካኤል መጽሐፉን ሁሉ ከቁጥሩ ጋር እያስተያዩ ሊረከቡ ነው። እሳቸው የሚያዩት አርባ ሰባት የተለጠፈበት መጽሐፍ መኖሩን ነው። ካገኙ ያልፋሉ። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም።

እሌኒ፦ እቤትዎ ካለ አምጥቶ መመለስ ነው እንጂ። ምን ያስጨንቅዎታል?

ቄሰ ገበዝ፦ እንደነበረ አይደለም።

እሌኒ፦ ተቀደደ?

ቄሰ ገበዝ፦ ቢቀደድማ እሰፋው ነበር።

እሌኒ፦ አባ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ቄሰ ገበዝ፦ ነገሩም የመጣው ከመድኃኒት ነው። ልጄን ማንጠግቦሽን ታውቂያታለሽ።

እሌኒ፦ በነሐሴ ታማ የነበረችውን?

ቄሰ ገበዝ፦ እሷን። ዘጠኝ ቀን ትኩሳቱ አልለቅ አላት። ከጤና ጣቢያ ክኒን ሰጡኝ፣ አስዋጥኳት። በዘጠነኛው ቀን እኔን ማወቅ ተሳናት፤ «ይኼ ሰውዬ ማነው?» ብላ እናቷን ጠየቀች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ድርሳኑን በጋቢዬ ሥር አድርጌ ወሰድኩት። ሠላሳ አንደኛው ቅጠል ጀርባ ላይ የፈውስ ጸሎት አለ።

እሌኒ፦ አነበቡላት።

ቄሰ ገበዝ፦ ሰባት ጊዜ። ምንም የለም። ከዚያ አጠብኩት።

እሌኒ፦ ምኑን?

ቄሰ ገበዝ፦ ጽሑፉን። ጠበል በጣሳ አድርጌ፣ ፊደሉን በጣቴ እያሸሁ፣ ቀለሙ ወርዶ ውሃው እስኪጠቁር። እሱን አጠጣኋት። አያቴም እንደዚያ ያደርጉ ነበር፤ እሳቸው ግን ራሳቸው የጻፉትን ነው የሚያጥቡት፣ የቤተ ክርስቲያን ብራና ነክተው አያውቁም። እኔ ቀለም በጥብጬ እስክጽፍ የምትቆይልኝ አልመሰለኝም።

እሌኒ፦ ዳነችልዎት ግን።

ቄሰ ገበዝ፦ ዳነች። ክኒኑም ነበር፣ ውሃውም ነበር፤ የትኛው እንዳዳናት አላውቅም። እሷ ክኒኑ ነው ትላለች። ታማ ሳለች አላፈርኩም እሌኒ። ተነሥታ «ራበኝ» ባለች ማግስት ነው ሐፍረቱ የመጣው። ከዚያ ወዲህ ማኅሌት ስቆም ዓይኔን ከሰው ዓይን አላጋጥምም። ያ መጽሐፍ መጨረሻው ላይ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? «የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ አፍ የተወገዘ ይሁን።» ሁለቱንም በአንድ ቀን አደረስኩበት። ብትቆጪኝ ይቀለኝ ነበር። ለነገሩ ጽሑፉ እንኳ አልጠፋም። ብራናው ቢነጣ ፎቶው እዚህ ውስጥ አለ። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የወሰደኝ እሱን ተስፋ አድርጌ ነው። እስቲ አሳዪኝ፣ ልየውና ልረጋ።

እሌኒ፦ አሁን… ባትሪው እያለቀ ነው።

ቄሰ ገበዝ፦ ከጧት ጀምሮ ስትሠሪበት አልነበረም እንዴ?

እሌኒ፦ ነበር። እሺ፣ ልክፈተው። ይኸው፦ ወአ፣ አርባ ሰባት፣ ሠላሳ አንድ፣ ጀ። ወይራ አምባ፣ መጽሐፍ አርባ ሰባት፣ ቅጠል ሠላሳ አንድ፣ ጀርባ።

ቄሰ ገበዝ፦ ወደ እኔ አዙሪልኝ። ይኼ የፈውሱ ጸሎት አይደለም። ይኼ ሠላሳ ነው፤ ከላዩ ቀይ ሐረግ ያለበት።

እሌኒ፦ ነው።

ቄሰ ገበዝ፦ ቁጥሩ ግን ሠላሳ አንድ ይላል።

እሌኒ፦ ይላል። ሠላሳ አንድና ሠላሳ ሁለት በሰም ተጣብቀው ነበር። ላላቅቃቸው ስል እንዳልቀድዳቸው ፈራሁ፤ ሊወስደኝ የመጣው መኪና ደግሞ ደጅ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብዬ የሠላሳን ፎቶ በሠላሳ አንድም ስም አስቀመጥኩት። ባዶ ቦታ እንዳይታይብኝ።

ቄሰ ገበዝ፦ «ለሌላ አይሰጥም» ያለችኝ ማን ነበረች?

እሌኒ፦ እኔ ነኝ። ከተማ ላሉት ኃላፊዎቼም ምንም አልጎደለም ብዬ ፈርሜያለሁ። ዓመት ሙሉ ያን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ቅድም እርስዎን ሳስተምር ደግሞ ራሴን ሰማሁት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ቢሉኝ አልቀየምም።

ቄሰ ገበዝ፦ ጥምጣሙ ያለው በእኔ ራስ ላይ ነው፤ በማን ላይ ልተርት? እኔ በብብቴ ውስጥ አሙቄ ነው ያላቀቅኋቸው። ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። ሰሙ ከገጽ ሁሉ መርጦ ለምን እዚያ እንደፈሰሰ ታውቂያለሽ? በሕመምተኛ ራስጌ ጧፍ ተይዞ ሁልጊዜ የሚገለጠው እሱ ስለሆነ ነው።

እሌኒ፦ ያንን ጸሎት የያዘ ሌላ ቅጂ አላየሁም። ስድስት ደብር ዞሬያለሁ። እንግዲህ ጠፋ ማለት ነው፤ ግማሹን እርስዎ፣ ግማሹን እኔ አጠፋነው።

ቄሰ ገበዝ፦ አልጠፋም።

እሌኒ፦ እንዴት?

ቄሰ ገበዝ፦ ሰባት ጊዜ አነበብኩላት አላልኩሽም? ከዚያ በፊት ደግሞ በየበሽተኛው ቤት ስንት ዓመት። ዓይኔን ብጨፍን የትኛው ቃል በየትኛው መስመር እንደሚያልቅ ይታየኛል።

እሌኒ፦ አባ፣ ይበሉኝና አሁኑኑ ልጻፈው።

ቄሰ ገበዝ፦ እልሻለሁ። ከእኔ ሰማሁ ብቻ እንዳትዪ። ከብራናው ቀዳሁ በይ።

እሌኒ፦ ብራናው እኮ ነጭ ነው። እያንዳንዱ ቃል ከየት እንደተገኘ የሚያስረዳ ምስክር አለው፣ ምስክሩም መለያ አለው። በብራናው ቦታ የሰው ስም ሲገባ ደግሞ ብራናው ምን ሆነ መባሉ አይቀርም።

ቄሰ ገበዝ፦ ያን ዕለት ቁልፉን ይቀበሉኛል።

እሌኒ፦ ይቀበሉዎት ይሆናል። ወይም… «በእርጅና የደበዘዘ» ብዬ እጽፋለሁ፤ እንዲህ የሆነ ብራና ሞልቷል። ከዚያ የነጣውን ቅጠል በቁጥሩ ፎቶ አነሣዋለሁ፤ የእኔም ነገር አብሮ ይሸፈናል። ሁለታችንም ዝም እንላለን።

ቄሰ ገበዝ፦ ቅድም እንዲህ ብትዪኝ ጉልበትሽን እስም ነበር።

እሌኒ፦ አሁንስ?

ቄሰ ገበዝ፦ አሁን ያን ፎቶ አየሁታ። እኔ ሠላሳ አንድ ብዬ ተስፋ አድርጌ ከፈትኩ፣ ሠላሳ ወጣ። ነገ ደግሞ የማናውቀው ሰው ይከፍታል። ልጁ ታማበት ይሆናል እኮ።

እሌኒ፦ እንግዲህ አዲስ ገጽ ልክፈት።

ቄሰ ገበዝ፦ ምስክሩን ምን ብለሽ ትሰይሚዋለሽ?

እሌኒ፦ «ቃል አንድ»። ከሥሩ፦ ቄሰ ገበዝ ጥዑመልሳን በቃላቸው እንደነገሩኝ።

ቄሰ ገበዝ፦ እሱም አይሻርም?

እሌኒ፦ አይሻርም። ለሌላም አይሰጥም።

ቄሰ ገበዝ፦ ይኼን ምስኪን የዜማ መጽሐፍ ያዢልኝ፤ የሰው ስም ላሸክመው ነበር። አርባ ሰባትን ዛሬውኑ ራሴ አመጣዋለሁ፣ በአለቃ ፊት። ጻፊው።

እሌኒ፦ «የብራናው ሁኔታ» የሚል አለ።

ቄሰ ገበዝ፦ በጠበል ታጥቧል። በምስክሩ እጅ።

እሌኒ፦ «ምክንያት» የሚልም አለ። እሱን እንኳ ባዶ ልተውልዎት።

ቄሰ ገበዝ፦ ባዶ በዛ። ማንጠግቦሽ በይ።

እሌኒ፦ ጻፍኩት።

ቄሰ ገበዝ፦ የእኔ አለቀ። አሁን ሠላሳን በሁለት ስም የጠራሽበትን፣ ያንቺን ጻፊ። እኔ ፊቴን አዙሬ እቀመጥልሻለሁ፤ ስትጨርሺ ጸሎቱን እንጀምራለን።