የአቶ ይሕደጎ በርሀ ዜና ሕይወትና የቦሌው ቤት ነገር

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አሜን። አባቶች ካህናት፣ የእድራችን ሰዎች፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ ወንድማችንን ለአፈር ከመስጠታችን በፊት የኖሩትን ዘመን ላንብብላችሁ። እኔ በአጥር በምንዋሰነው ግቢ ዘበኛ ሆኜ ሰባት ዓመት አብሬያቸው ኖሬአለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና ብሳሳት እለፉኝ።

አቶ ይሕደጎ በርሀ ከአባታቸው ከአቶ በርሀ ካሕሳይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኣብርሀት ገብረሃንስ በ1945 ዓ.ም. በማይጨው አካባቢ ተወለዱ። ከየኔታቸው ዘንድ ዳዊት እስኪደግሙ ተምረው፣ አባታቸው ሲያርፉ ወደ እርሻው ተመለሱ። በ1973 ዓ.ም. ወይዘሮ ትርሓስን በተክሊል አግብተው ማዕዛንና ተወልደን ወለዱ። ተወልደ ገና በአራስነቱ ሳለ ዝናብ ቢቀር፣ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገብተው በወፍጮ ቤት ጆንያ ሲሸከሙ ቆዩና በ1982 ዓ.ም. በቦሌ ሚካኤል አጠገብ በአንድ ቪላ በዘበኝነት ተቀጠሩ። በመካከሉ አገሩ ጦርነት ሆኖ መንገዱ ስለተዘጋ፣ ልጆቻቸውን ሳያዩ ሰባት ዓመት አለፈ።

ሰላም ከሆነ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነሐሴ፣ አሠሪያቸው ከነቤተሰባቸው ውጭ አገር ስለነበሩ፣ ልጆቹ ከዘመድ ጋር በአውቶቡስ መጡ። ወይዘሮ ትርሓስ የታመሙ እናታቸውን ያስታምሙ ስለነበር ቀሩ። ተወልደ አባቱን በውል ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከበሩ ላይ ቆሞ ቪላውን ቀና ብሎ አየና፣ «አቦይ፣ ይሄ የእርስዎ ነው?» አለ። እሳቸውም፣ «አዎ ልጄ፤ ውስጡን ቀለም ስላስቀባሁት እስኪደርቅ በጓሮዋ ክፍል እናድራለን» አሉት። እኔ በአጥሩ ወዲያ ሰምቼ ዝም አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ሁለቱን በር እኔ እየጠበቅሁ፣ እሳቸው ሁለት ሱባዔ ሙሉ ልጆቹን ከተማውን አዞሯቸው። በኤርፖርቱ አጥር ሥር ተቀምጠው አውሮፕላን ሲያርፍ አዩ፤ በአንበሳ አውቶቡስ ፒያሳ ወጡ፤ ስድስት ኪሎ አንበሳው ሲያገሳ ማዕዛ ከአባቷ ጋቢ ውስጥ ገባች። ከአንድ ትልቅ ሕንፃ አሳንሰር ገብተው ሲወጡ ሲወርዱ፣ ተወልደ «የዚህ ክፍል ሾፌር የት ተቀምጦ ነው?» ብሎ ሰዉን ሁሉ አስቋል። ፍልሰታ ነበርና ኬክ ቤት ደጃፍ በመስታወቱ አይተው ብቻ ተመለሱ። ጾሙ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው አሠሪው ሊመለሱ ነው ስለተባለ፣ ልጆቹ ወደ አገራቸው ተሳፈሩ።

ከዚያ በኋላ ማዕዛ በየክረምቱ «ቀለሙ ደረቀ ወይ? እንምጣ?» ብላ ትጽፍ ነበር። እሳቸውም «ገና ነው» እያሉ ይመልሱ ነበር። በማይጨው ግን ይሕደጎ በትልቁ ቤት ሌላ ሴት አስገብቷል የሚል ወሬ ተነሣ። በሦስተኛው ክረምት ደብዳቤው ቀረ። ከደመወዛቸው መላኩን አላቋረጡም፤ ሄደው እውነቱን እንዳይናገሩ ግን እፍረት ያዛቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን ባዞሩበት መንገድ ብቻቸውን ይሄዱ ነበር፤ አብሬ ልሂድ ብላቸው «ተወኝ» ይሉኛል።

ዘንድሮ በጥቅምት ሳንባቸውን ታመው፣ አልጋ ላይ ሳሉ፣ «ፊታቸውን እያየሁ መናገር አልችልም፤ አንተ በሰው ፊት አንብብልኝ» አሉኝ። ማይጨው ስልክ አስደወልኩ፤ ቤተሰቡ ዛሬ ንጋት ሲደርስ እሳቸው ትናንት፣ ኅዳር 9 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ አርፈው ነበር።

እንግዲህ ወይዘሮ ትርሓስ፣ ማዕዛ፣ ተወልደ፤ አደራዬን ላድርስ። አቶ ይሕደጎ ቤት አልነበራቸውም። ሌላ ሴት፣ ሌላ ልጅም አልነበራቸውም። ያ ቪላ ሲጠብቁት የኖሩት የሰው ቤት ነው፤ ከጓሮዋ ክፍል አልፈው አንድም ቀን አልተኙበትም። አትምጡ ያሏችሁ ጠልተዋችሁ ሳይሆን፣ የምታድሩበትን አጥተው ነው።

አቶ ይሕደጎ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኛን ወዳጆቻቸውን ትተው በአርባ አራት ዓመታቸው ተለይተዋል። ብዙ መኖሪያ ያለው አባት፣ የሰው በር ሲጠብቁ ለኖሩት ለወንድማችን በሩን ይክፈትላቸው። ነፍሳቸውን ይማር፤ ለእናንተም ይቅር የምትሉበትን ልብ ይስጣችሁ። አሜን።