ቴፕ ሰብሳቢው ፀጉር አስተካካይ

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ እጅ ጽሑፌና ስለ ፊደል ግድፈቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ምንም ጨርሼ ያቆምኩ ከመሆኔም በላይ ሰው ፊት መቆም ስለማልችል፣ የጻፍኩትን የሚያነቡልኝ የሟች ታላቅ ልጅ፣ አጎቴ ናቸው። ጋሼ፣ አልነበብ ያለዎት ቃል ካለ እንደሚሆን አድርገው ይለፉልኝ።

ሰፈርተኛው ሁሉ «አባባ ቴፑ» እያለ የሚጠራቸው አያቴ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው ተወልደው፣ ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። ይሁን እንጂ አባታቸው በድንገት በማረፋቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው በአንድ ፀጉር ቤት ወለል ጠራጊ ሆነው ተቀጠሩ፤ ከመጥረጊያ ወደ መቀስ፣ ከመቀስ ወደ ምላጭ እያሉ ሙያውን ተምረው፣ ሁለት መስታወትና አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ያላትን የራሳቸውን ፀጉር ቤት ለመክፈት በቁ።

ከሴት አያቴ ከእማማ ጋር ሊጋቡ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራቸው አልጋ ሊገዙ ወጥተው፣ ባለሁለት ካሴት፣ ስምንት ድንጋይ የሚበላ ትልቅ ቴፕ በትከሻቸው ተሸክመው ተመለሱ። ሙሽሮቹም የመጀመሪያውን ዓመት ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግተው ስላሳለፉት፣ እማማ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ቴፑ እያመለከቱ «አልጋችን ያውላችሁ፤ አይተኙበትም እንጂ ሲዘፍን አንደኛ ነው» ይሉ ነበር። ከወለል የተነሳው ትዳራቸውም ጸንቶ፣ ጋሼንና እናቴን ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ዘመን ተለውጦ ሰው ሁሉ ዘፈኑን በስልኩ ይዞ መዞር ሲጀምር፣ ደንበኞቻቸው የተበላሸ ቴፕ ሊጥሉ ሲሉ አባባ «አርጅቶ ነው እንጂ አልሞተም፤ ወዲህ በለው» እያሉ ይቀበሏቸው ጀመር። ካሴቱ የሚነካውን ብረት ስፒሪት ባስነኩት ጥጥ ይጠርጋሉ፤ የላላውን ላስቲክ ይቀይራሉ፤ የተዝረከረከውን ክር እስክሪብቶ አስገብተው ያጠነጥናሉ። ሲጨርሱም ልክ እንደተላጨ ደንበኛ በብሩሽ አራግፈው ከመደርደሪያው ላይ ይሰቅሉታል። በዚህ ሁኔታ የመኖሪያ ቤታቸው የጓሮ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ በቴፕ ተሞላ።

እማማ ካረፉ በኋላ፣ አብረዋቸው የሚኖሩት የጋሼ ልጆች አድገው ቤቱ ስለጠበባቸው፣ ጋሼ ያንን ክፍል እንዲለቁላቸው አባባን ለመኗቸው። አባባም «መስማት ያቃተኝ ቀን አውጥታችሁ ለፈለጋችሁት ስጡ፤ እስከዚያ ግን እጃችሁን ሰብስቡ» ብለው ቃል ሰጡ። ጋሼ ቃሉን አክብረው ልጆቻቸውን ሳሎን እያስተኙ፣ እሑድ እሑድ ከአባባ አጠገብ ተቀምጠው «እስቲ ይሄን የዘፈነው ማነው?» ይሏቸው ነበር። አባባ አንድም ቀን ተሳስተው ስለማያውቁ፣ ጋሼ «እኚህ ሰውዬ በጆሮ ከእኔ ይበልጣሉ፤ ክፍሉንስ እርሱት!» እያሉ ይስቁ ነበር።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ የዋሉት አባባ፣ በሐኪም ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከቴፖቻቸው ትንሿን ደረታቸው ላይ እንዳስደገፉ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ለቀስተኛውም «የሚወዱትን እየሰሙ አረፉ፤ እንዲህ ያለውን ሞት ለእኛም» ሲል ሰንብቷል።

አባባ የሁለት ልጆች አባትና የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያኑርልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ያድለን።

እዚህ ላይ ማብቃት ነበረብኝ። ነገር ግን ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ፤ ጋሼ፣ እባክዎ እንዳይዘሉት።

አባባ ከሦስት ዓመት ወዲህ ምንም አይሰሙም ነበር። ያወቅሁት ከኋላቸው ብርጭቆ ወድቆብኝ ሲሰበር ሳይዞሩ በመቅረታቸው ነው። ቆይተው ዘወር ብለው ስብርባሪውን ሲያዩ ማወቄ ገባቸው፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ቴፖቹ ተመለከቱ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ካሴቱን የምከፍተውም፣ የካሴቱን ሽፋን ወደ እርሳቸው አዙሬ የማስቀምጠውም እኔ ነበርኩ። ጋሼ፣ አባባ ጥያቄዎን ከከንፈርዎ እንቅስቃሴ እየተረዱ፣ የዘፋኙን ስም የሚነግሩዎት ከሽፋኑ ላይ እያነበቡ ነበር። ልጆችዎ ሳሎን መተኛታቸው ያሳዝናቸው ነበር፤ ቢሆንም ከቴፖቹ መለየት አልቻሉም።

ሳይሰሙ ለምን እንደሚከፍቱት አንድ ቀን ወረቀት ላይ ጽፌ ብጠይቃቸው፣ እጄን ይዘው መዳፌን የቴፑ ድምፅ ማጉያ ላይ አሳረፉት፤ የዘፈኑ ምት መዳፌ ሥር ይርገበገብ ነበር። ማክሰኞ ዕለትም መዳፋቸው ትንሿ ቴፕ ላይ ነበር፤ በአንዲት ጣታቸው የዘፈኑን ምት እየተከተሉ ይመቱ ነበር። አጠገባቸው ሆኜ ዘፈኑን የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጣታቸው እስኪቆም ድረስ አንድም ምት አልሳቱም።