ያላለቀው አዛን

ከሐይቅ ወደ ደሴ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ላለው ወጣት ያወራሉ።

«ጎረቤቴን ሸህ እንድሪስን ልጠይቅ ነው። ሆስፒታል ተኝተዋል።»

«ምን ሆነው ነው እማማ?»

«ስትሮክ። የመስጊዳችንን አዛን የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። የቀትሩን፣ የዙሁሩን ጀምረው መሀል ላይ ምላሳቸው ተሳሰረ። ሰዉ ሁሉ ማይኩ ነው የተበላሸው አለ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ክርስቲያን ብሆንም ሠላሳ ዓመት ምሳ የማቀርበው በሳቸው አዛን ነው። ማይክ ይቆራረጣል እንጂ አይኮላተፍም። ሮጬ ስደርስ አፋቸው ተጣሟል። ሰዎቹ ትንሽ ይተኙ ሲሉ እኔ መኪና አስቆምኩ።»

«ደግ አደረጉ። እኛ አባቴን ተኝቶ ሲነሳ ይሻለዋል ብለን አሳደርነው። ጠዋት ስንወስደው፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ ሰዓቱ አልፏል አሉን። አንድ እጁ እንደቀረ ነው።»

«አይ ልጄ። አብሽር።»

«ሸሁስ ደረሱበት?»

«ዶክተሩ ስንት ሰዓት ላይ ጀመራቸው አለኝ። እኔ ሰዓት የለኝም፣ ግን የዙሁር አዛን መሀል ላይ ነው፣ አገር ሁሉ ሰምቷል አልኩት። ጭንቅላታቸውን በማሽን አይተው ወዲያው መርፌውን ሰጧቸው።»

«አልሐምዱሊላህ። አሁን ይናገራሉ?»

«ትላንት በስሜ ጠሩኝ። አዛኑን ግን ሲሞክሩት እዚያው የቆሙበት ላይ ሲደርሱ ይይዛቸዋል።»

ደሴ ስንገባ ከአንዱ መስጊድ አዛን ተጀመረ፤ ሰዉ ሁሉ ሲወርድ እኔ አዛኑ እስኪያልቅ ድረስ ከወንበሬ አልተነሳሁም።