ከአፍንጫ ማዶ የተሣለ ዓይን

የምስክር ስም፦ ወይዘሮ ለተሚካኤል ገብረዮሐንስ
ዕድሜ፦ 33
አድራሻ፦ እሪ በከንቱ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ግንቦት 9 ቀን 1925 ዓ.ም.፣ አራዳ
ጉዳዩ፦ ለሕዝብ ከቀረቡት ሥዕሎች አንዱ ስለ መበላሸቱ

ከሁሉ አስቀድሜ የሚያሳፍረኝን ልናገርና ይውጣልኝ። ሥዕሉ ተበላሸ በተባለበት ቀን እኔ አዳራሹ ውስጥ፣ ገና ያልተሰቀለ ትልቅ ሥዕል በተሸፈነበት አቡጀዲ ጀርባ ተደብቄ ነበር። ይህን ባለመናገሬ የአዳራሹ ዘበኛ አያ ሙሄ፣ ቁልፍ ያዡ አንተ ነህ ተብሎ ስለታሰረ፣ ማንም ሳያስገድደኝ መጥቻለሁ።

ባለቤቴ ሠዓሊ አባይነህ ይባላል። በአራዳ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት በአዳራሹ ሥዕል ለሕዝብ ሲያሳይ ሁለት ሥዕሎች አቀረበ። አንደኛው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጥልፍ ጠላፊዋ የወይዘሮ የሺዓለም ነው፤ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኗ እንደ ፋኖስ በርቶ። ሁለተኛው የእኔ ነው፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ምነው ብዬ ብጠይቀው «የጎን አሣሣል ከውጭ የመጣ አዲስ ሙያ ነው፤ ልምምድ ደግሞ በባዳ ፊት ላይ አይደረግም» አለኝ።

ትርኢቱ በተከፈተ ማግሥት ዲስኩር ተደረገ። ሦስት አዋቂዎች ጠረጴዛ ከበው ስለ ሥዕል ሲከራከሩ ሕዝቡ ያዳምጥ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ አለቃ «በእኛ አገር በሁለት ዓይን የሚሣል ጻድቅ ነው፤ በአንድ ዓይን የሚሣል ይሁዳና ሰይጣን ነው» ሲሉ፣ አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ወደ እኔ ሥዕል አዞረ። ከኋላዬ የነበረች ሴት «ኧረ የይሁዳ ሚስት አራዳ ገብታለች!» አለች። ባለቤቴም አብሮ ሣቀ። የሺዓለም ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ሣቋን የምትደብቅ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ።

ሐሙስ ዕለት፣ ባለቤቴና የሺዓለም በምሳ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ይገናኛሉ የሚል ጥርጣሬ ስላደረብኝ፣ ሰው ሲወጣ ጠብቄ አያ ሙሄን ለምኜ ገባሁ። አቡጀዲው ጀርባ ስቆም «እሜቴ፣ እግርዎ ይታያል» አለኝና ሳጥን አምጥቶ ከፊቴ አቆመልኝ። «የጠየቀ ቢጠይቀኝ ሰው አልገባም ነው የምለው። የሰው ትዳር በእኔ አፍ አይፈርስም» አለ። የታሰረውም ይህን ቃሉን ስለጠበቀ ነው።

ባለቤቴ አልመጣም። አያ ሙሄ ሊሰግድ ወደ ጓሮ ዞር ባለበት የሺዓለም ብቻዋን ገባች። የራሷን ሥዕል ቀና ብላም አላየችው። በቀጥታ ወደ እኔው ሄዳ፣ የጥልፍ ንድፍ የምታወጣበትን ከሰል ከመቀነቷ ፈትታ፣ ከአፍንጫዬ ማዶ ባዶው ላይ ሁለተኛ ዓይን ሣለችልኝ። ስትሥልም «ለእኔ ሁለት ሰጥቶ እህቴን እንዴት አንድ ዓይና አድርጎ ያቆማታል? እጁ ይሰበር!» ስትል ሰምቻለሁ። እህቴ ያለችው እኔን ነው። እኔ እህቷ አይደለሁም፤ ሰንበቴ ላይ ከመገናኘት በቀር ዝምድና የለንም።

ለምን ወጥተሽ አላስቆምሻትም ተብዬ ስጠየቅ፦ ልወጣ ነበር፤ ለጥፊ የሚሆን እጅም አዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን ዓይኑን አየሁት። ባለቤቴ ያልሣለው የግራ ዓይኔ ቆብ ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል። ባለቤቴ ስንት ዓመት አብሮኝ ኖሮ ልብ ብሎት አያውቅም። እሷ ሰንበቴ ላይ ማዶ ተቀምጣ አይታዋለች፤ እንዳለም ሣለችው። ቅናቴ ዛሬም አልበረደም፤ በማን ላይ እንደምቀና ግን ጠፍቶኛል።

ሥዕሉን የነካችው የሺዓለም ናት፤ ይህ እውነት ነው። ዓይኑ የእኔ ዓይን ነው፤ ይህም እውነት ነው። አያ ሙሄ የሌለበት ስለሆነ ይፈታ። ከሳሹ ባለቤቴ ነው እንጂ እኔ፣ ባለ ፊቷ፣ በማንም ላይ ክስ የለኝም።

የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያፈርሁበትም ሳይቀር ሁሉም ያየሁትና የሰማሁት ነው። ባለቤቴ ነገ የከሰሉን ዓይን፣ ሠዓሊዎች እንደሚያደርጉት፣ በለስላሳው የዳቦ ውስጥ ፈትጎ እንደሚያጠፋው ዝቷል። ነገ እኔም አዳራሹ እውላለሁ፤ አሁን ግን ከአቡጀዲው ጀርባ አይደለም፣ ከሥዕሉ ፊት ነው። ዳቦ ይዞ ከመጣ፣ የሚሆነውን ሳልጠራ መጥቼ አስመዘግባለሁ።

የምስክሯ የጣት ምልክት፦ ለተሚካኤል ገብረዮሐንስ
ቃሉን የተቀበለው፦ ፍቅሬ ተክለሃይማኖት (ፊርማ)