በቀን የሚነበብ ተረት

ከከተማችን መርካቶ ወደ ገጠሩ ደዶ በሚሄደው ሚኒባስ መስኮት ጋ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ አንዲት ወጣት መምህርትና አንድ ሽማግሌ አሉ፤ የተዋወቁት እዚያው ታክሲ ውስጥ ነው። የእኔ ጆሮ ደግሞ አያርፍም።

«ሀጂ፣ የልጆች መጽሐፍ ጽፌያለሁ። ስለሚበር ጅብ ነው።»

«ጅብ ይበራል እንዴ?»

«በእኔ መጽሐፍ ይበራል።»

«ዋላሂ፣ በእግሩ እየሄደም አልቻልነው!»

«ባለፈው ሳምንት ደዶ ትምህርት ቤት ሄጄ አነበብኩላቸው። አንድ ልጅ እንኳ አልሳቀም። ጆሯቸውን ይዘው አቀረቀሩ። ዛሬም እንደዚያ ካፈርኩ መጻፉን እተዋለሁ።»

«በስንት ሰዓት ነው ያነበብሽው?»

«ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ።»

«ኤ! እኛ ጋ ተረት በቀን ከተወራ ከብት ይጠፋል ይባላል። ልጆቹ ለላማቸው ፈርተው ነው እንጂ ጅብሽን ጠልተው አይደለም፣ ልጄ።»

«ወይኔ! ታዲያ ምን ላድርግ? ማታ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው።»

«በሩንም መስኮቱንም ዝጊና መሽቷል በያቸው። እኔም አብሬሽ እገባለሁ። ከብት ከጠፋ ፈላጊው እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።»

«እውነት ይመጣሉ?»

«ቶሌ፣ እሺ፣ እመጣለሁ አልኩሽ። ግን ያ ጅብ ክንፉን ከየት አመጣው?»

«አሁን ላንብብልዎት? ፀሐይ ነው እኮ።»

ሽማግሌው በእኔ በኩል ወደ ፀሐዩ አዩ።

የመስኮቱን መጋረጃ ስቤ ዘጋሁት።