በእማማ ዘይነባ በኩል ያለው መስኮት

ቤታችን ቀራንዮ አስፋልት ዳር ነው። የሲኖትራክ ጩኸት እንቅልፍ ቢነሳን እኔና ባለቤቴ መስኮቶቹን በሙሉ ድምፅ የማያስገባ ባለ ሦስት ንብርብር መስታወት ልናደርጋቸው ወሰንን። የአሉሚኒየም ባለሙያው ቅዳሜ ጠዋት ልኬት ሊወስድ መጣ። "ይሄ ከገባ በኋላ በርህ ላይ ሠርግ ቢደገስ አትሰማም" ሲለኝ ደስ አለኝ። ሳሎኑን ጨርሰን ወደ ጓዳ ገባን። የጓዳው መስኮት ወደ ጎረቤታችን ወደ እማማ ዘይነባ ግቢ ነው የሚያሳየው፤ እሳቸው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሰውዬው ሜትሩን ዘርግቶ እየለካ ድንገት ቀጥ አለ። "እስቲ ዝም በል፤ ሰው የሚጣራ መሰለኝ።" ጆሮዬን ጣል ባደርግ ቀጭን ድምፅ "የሰው ያለህ!" ይላል።

አጥሩን ዘለን ገባን። እማማ ዘይነባ ባኞ ቤቱ በራፍ ላይ ተንሸራተው ወድቀዋል። "ከማለዳ ጀምሮ ስጣራ ድምፄ አለቀ፣ ልጄ" አሉኝ። እኛ ያኔ ቁርስ እየበላን ስለ መኪና ጩኸት እናማርር ነበር። አፈርኩ። ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስናቸው፤ እግራቸው ተሰብሯል፣ ግን ይድናል ተባለ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ባለሙያው ወደ እኔ ዞሮ "ወንድሜ፣ ሥራ ጠልቼ እንዳይመስልህ። በአስፋልቱ በኩል ያሉትን ልሥራልህ፤ የጓዳውን ግን ባለበት ተወው" አለኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኳትና "የጓዳውን እንተወው ይላል፤ ምን ትያለሽ?" አልኳት።

"እሱማ ከዛሬ ጀምሮ አይዘጋም" አለች።