ቁርጡ ያልተነገረው ሰው

አቶ ታውኖ ከቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ከኦላቪ ቀብር ወጥተው አውቶቡስ መጠበቂያው መጠለያ ሥር ሲገቡ፣ አግዳሚው ላይ ጥቁር ካፖርት የለበሰች ወጣት ሴት ተቀምጣለች። እንደ ከተማቸው እንደ ኮስኪላህቲ ወግ በተቻላቸው መጠን ከእሷ ርቀው ጫፍ ላይ ቆሙ። በረዶ የተቀላቀለበት የኅዳር ዝናብ ከሐይቁ በኩል ይጋረፋል። አውቶቡሱ የሚመጣው ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው።

«ጋሽ ታውኖ! እርስዎ አይደሉም እንዴ? ሬታ ነኝ፤ የወረቀት ፋብሪካው የሦስተኛው ማሽን ሠራተኛ፣ የአርቮ ልጅ።»

«የአርቮ ልጅ! ምነው እንዲህ ረዘምሽ? የት ጠፍተሽ ነው?»

«ታምፔሬ ከተማ ነበርኩ። ለቀብሩ መጣሁ፤ ግን ልከርም ነው። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ሥራ ፈላጊዎችን የሚያማክሩ ሰዎችን ላሠለጥን ነው።»

የአቶ ታውኖ ፊት ተኮሳተረ። «እንግዲያው ሠልጥን የምትለዋን ደብዳቤ የላክሽልኝ አንቺ ነሻ!»

«ደረሰችዎት?»

«ደርሳኛለች። የእንፋሎት መታጠቢያዬን፣ የሳውናዬን ምድጃ ለኮስኩባት። ደህና ነደደች።»

ሬታ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም።

በእርግጥ አቶ ታውኖን ግትር ሽማግሌ ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሠላሳ አንድ ዓመት የወረቀት ፋብሪካው ሠራተኞች ተጠሪ ሳሉ ስንቱን ሰው ሥራ አስይዘዋል። ዘዴያቸው አንድ ነበር፤ ስልክ አንሥተው ለሚያውቁት አለቃ «ጥሩ ሰው ነው» ይላሉ፣ በቃ። በዚያ አገር ከዚህ የበለጠ ምስጋና ስለሌለ ሰውየው በማግስቱ ሥራ ይገባል። ከሁለት ዓመት በፊት ፋብሪካው ሲዘጋ የሠራተኛ ማኅበሩ አንድ ክፍልና አንድ ስልክ ሰጣቸው፤ እሳቸውም ሥራ ማፈላለጉን ቀጠሉ። ዘንድሮ ግን የከተማው ምክር ቤት፣ ሥራ ፈላጊን የሚያማክር ሁሉ ሠልጥኖና ተፈትኖ የሙያ ማረጋገጫ ይያዝ ሲል ወሰነ። አቶ ታውኖ ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት።

«እስቲ ንገሪኝ ልጄ፤ ሰው መርዳት ወረቀት ይጠይቃል? ጎረቤቴ ወድቆ ባነሣው፣ ፈቃድህን አሳየኝ ሊለኝ ነው?»

«አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ ባያነሡት ይሻላል። ሳያውቁ ያነሡት ሰው ሽባ ሆኖ ይቀራል።»

«ኤዲያ! የእኔን ጥርስ አባቴ ናቸው በጉጠት የነቀሉልኝ። ምንም አልሆንኩም።»

«ስንት ጥርስ ቀረዎት?»

አቶ ታውኖ ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ። ፈገግታው ለጥያቄው በቂ መልስ ሰጠ።

«እሺ ይሁን። ምንድን ነው የምታስተምሩት? ኮምፒውተር መነካካት?»

«እሱም አለበት። ግን ጋሼ፣ የሚያውቋቸው አለቆች ሁሉ ጡረታ ወጥተዋል። የዛሬው ቀጣሪ ‹ጥሩ ሰው ነው› ቢሉት ‹ምን ይችላል?› ነው የሚልዎት። ስለዚህ ሰውየው ምን ይሠራ እንደነበር ብቻ ሳይሆን ምን መሥራት እንደሚችል አውጣጥቶ መጠየቅን እናስተምራለን። የወረቀት ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው የሆስፒታል ማሞቂያም ይጠግናል፤ ግን የእኛን ሰው ያውቁታል፣ ራሱን ከሚያመሰግን ቢሞት ይመርጣል። ከዚያ ደግሞ የራስን ልክ ማወቅ አለ፤ የእኔ ዕውቀት እዚህ ያበቃል፣ የቀረው የሐኪም ነው ማለት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ ያያል፣ ያርማል። ፈተናም አለ። ደንቡን የጣሰ ማረጋገጫውን ይነጠቃል።»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነው የምትይኝ።»

«እርስዎ ነዎት ያሉት!»

«እኔ ግን ሰው ዋሽቼ አላውቅም። የማይዋሽ ሰው ምን ያደርግለታል ደንብ?»

ሬታ ጓንቷን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«የኦላቪ ሚስት ወይዘሮ ሲርካ ቅድም ምን እንዳሉኝ ልንገርዎት? ኦላቪ ከነሐሴ ጀምሮ ስልኩን ከእጁ አይለይም ነበር አሉ። ሳውና ሲገባ እንኳ በላስቲክ ጠቅልሎ ይይዘዋል። እደውልልሃለሁ ያለው ሰው ነበር። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

የፋብሪካው መዘጋት ሥራ ያሳጣው ኦላቪ አርባ ክረምት የሐይቁን በረዶ ቦርቡሮ ዓሣ ያጠመደ ሰው ነው። በኅዳር መጀመሪያ የሐይቁ በረዶ ሰው እንደማይሸከም ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ሆኖም አንድ ጠዋት ወጣና በላዩ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ጠላቂዎች አወጡት። ከተማው ሁሉ አደጋ ነው አለ፤ ከዚያ በላይ የጠየቀ የለም።

አቶ ታውኖ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዝናቡ በጎን እየገባ ራሳቸውን ይመታዋል።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እደውልልሃለሁ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ደወሉለት?»

«ለሱ ሥራ ፍለጋማ በማግስቱ ሦስት ቦታ ደወልኩ። የሃምሳ አራት ዓመት ሰው አንፈልግም አሉኝ። ታዲያ ምን ብዬ ልደውልለት? የለም ለማለት? እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስልኩ ካልጮኸ ሰው ይገባዋል። ዝምታ ወርቅ ነው እያልን አይደል ያደግነው?»

«ዝምታው ለእርስዎ መልስ ነበር። ለእሱ ግን ገና ያልመጣ መልስ ነው። ሦስት ወር ጠበቀው።»

የዚያ ከተማ ሰው ክፉ ወሬ አለማድረስን እንደ አክብሮት ይቆጥረዋል። የሰውን ፊት ከማጥቆር አፍን መዝጋት ይሻላል ይላል። ግን ቁርጡን ያላወቀ ሰው ሌላ በር አያንኳኳም፤ እደውላለሁ ያለውን ወዳጁን እንዳያስቀይም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እንዲህ ያለው አክብሮት ሰውን በቁሙ ያስራል።

«ገደልኩት በይኛ!» አሉ አቶ ታውኖ።

«አልልም። አልገደሉትም ብዬም ላጽናናዎት አልችልም። በረዶው ላይ ሲወጣ ምን ያስብ እንደነበር ማንም አያውቅም። የማውቀውን ግን ልንገርዎት። የሠለጠነ አማካሪ እደውላለሁ አይልም፤ ሐሙስ በአራት ሰዓት እደውላለሁ ይላል። ሐሙስ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ይደውላል። የለም ካለ በኋላም ስልኩን አይዘጋም፤ እንዴት ነህ፣ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ካስፈራው በዚያው ቀን የሐኪም ቀጠሮ ያስይዝለታል። ይሄ ደግነት አይደለም፣ ደግነትማ እርስዎም አለዎት። ይሄ ሙያ ነው።»

ከዚያም ቀስ ብላ ጠየቀች። «ሌላ የሚጠብቅዎት ሰው አለ?»

አቶ ታውኖ በጣታቸው ቆጠሩ። «ስምንት» አሉ በመጨረሻ። «ካሌርቮ ከሁሉም ይብሳል። ሚስቱ ትታው ሄዳለች። ብቻውን ነው።»

«ይደውሉለት።»

«አንቺ ደውይለት። ማረጋገጫው ያለሽ አንቺ ነሽ።»

«እሱ የሚጠብቀው የእርስዎን ድምፅ ነው። እኔ አጠገብዎ እቀመጣለሁ።»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። ሁለቱም አልተሳፈሩም። ሹፌሩ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። አቶ ታውኖ የካሌርቮን ቁጥር ነኩ፤ ስልኩ ገና አንዴ እንደጮኸ ተነሣ።

«ካሌርቮ፣ ታውኖ ነኝ። የጠየቅኩልህ መጋዘን ሥራ የለም አሉኝ። ከነገሩኝ አንድ ወር ሆነ። ሳልነግርህ ቆየሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።»



«እኔ እኮ የረሳኸኝ መስሎኝ ነው» አለ ካሌርቮ።

«አልረሳሁህም። አፍሬ ነው። ስማ… እንቅልፍ ይወስድሃል?»

«አይወስደኝም።»

አቶ ታውኖ ወደ ሬታ ዞሩ። ምን እንደሚሉ አላወቁም፤ አለማወቃቸውንም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በፊታቸው አሳዩ። ሬታ ስልኩን ተቀብላ በዝግታ ማናገር ጀመረች፤ ከዚያው ሳትነሣም ለማግስቱ ከሐኪም ቀጠሮ አስያዘችለት።

ሰኞ ጠዋት አቶ ታውኖ ከተማሪው ሁሉ ቀድመው ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ክረምቱን ሙሉ ተማሩ፤ አንዴ ወድቀው በሁለተኛው ፈተና አለፉ። ጥቅሙም በሥራው ታየ። ወደ ክፍላቸው የመጣ ሰው ሁሉ የሚደወልለትን ቀንና ሰዓት ይዞ ይወጣል፤ የሚችለው ነገር ተጠይቆ ይጻፍለታል፤ ችግሩ ከሥራ ማጣት ያለፈውም ወደ ሐኪም ይመራል። ካሌርቮ አሁን የትምህርት ቤት ሕንፃ ይጠብቃል። ሥራ ያገኙት ግን ከስምንቱ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሥልጠና የተዘጋ ፋብሪካ አይከፍትም፤ የቀሩት አምስቱ ግን ቁርጣቸውን አውቀው ሌላ መንገድ ይሞክራሉ።

ማረጋገጫው በደረሳቸው ቀን አቶ ታውኖ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ አልሰቀሉትም። ወደ ወይዘሮ ሲርካ ቤት ሄደው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ኦላቪ ሲጠብቀው የነበረው ሰው እኔ ነበርኩ» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ሲርካ። «ለምን አሁን መጣህ?»

«መልስ ባይኖርም መደወል እንደሚገባ ተምሬ መጣሁ።»

«ይሄን ለመማር ስንት ጊዜ ወሰደብህ?»

አቶ ታውኖ መዋሸት አይችሉም ነበር፤ ዝም ማለትንም ትተዋል።

«ይሄ ትምህርት በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ነው የሚሰጠው» አሉ።

ወይዘሮ ሲርካ የበሩን እጀታ እንደያዙ ቆሙ። «አንድ ጠዋት» አሉ። «እሱ ሦስት ወር ጠበቀህ።»